የአባቴ ዝናብ በእኔ ሰነድ

ስታትስቲክስን ሁለት ጊዜ ነው የወሰድኩት። መጀመሪያ የወደቅኩት ሒሳቡን ስላላወቅኩ አልነበረም። ይህን ስል ሰው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፤ የወደቀ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ጎባ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። አማካይ ምን እንደሆነ፣ መስመር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የጠመኔ አቧራ እየዋጥኩ ለስንቱ ልጅ አስረድቻለሁ። እኔን የጣለኝ ሰነዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሮቤ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። የስታትስቲክስ መምህራችን ከእኔ ቢያንስ አሥር ዓመት የሚያንስ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቆጥብ ሰው ነው። አሳይንመንት በወረቀት አይቀበልም፣ በዎርድም አይቀበልም። አር በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ጽሑፉንና ስሌቱን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጎ ማስረከብ ነው። ኒት የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ሲጫኑት ፕሮግራሙ መረጃውን ከዜሮ ጀምሮ ያነባል፣ ይደምራል፣ ሥዕሉን ይሥላል፣ በዐረፍተ ነገሩ መሃል የተተወለትን ክፍት ቦታ በቁጥርም በቃልም ራሱ ሞልቶ ያማረ ሰነድ ያወጣል።

መምህሩ የመጀመሪያው ቀን ላይ እንዲህ አለን፦ «እናንተ ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ ለእኔ ምኔም አይደለም። ፋይላችሁን ወስጄ እኔ ማሽን ላይ ኒት አደርገዋለሁ። እናንተ ያገኛችሁትን ካገኘሁ ሥራ ሠርታችኋል። ካላገኘሁ ወሬ ነው።»

የእኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ወሬ ሆነ። መረጃው የተቀመጠበትን ቦታ የራሴን ላፕቶፕ አድራሻ ጠቅሼ ጽፌ ነበር፤ እሱ ማሽን ላይ እንዲህ ያለ አድራሻ ከየት ይመጣል? እንግዳ ጠርቶ በሩን ቆልፎ እንደ መሄድ ነው። ሦስት ወር የለፋሁበት ሥራ አንዲት መስመር ላይ ተደናቅፎ ቆመ፤ መምህሩም «አልሠራም» የሚል አንድ ቃል ጽፎ ዜሮ ሰጠኝ። እቤት ገብቼ ላፕቶፑን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያልሰበርኩት የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ነው።

ያንኑ ኮርስ ሁለተኛ ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። ደንቡ ይህ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው ዲግሪ ይዘው በሚዞሩበት ከተማ፣ «ቲቸር ተባረረች» መባል ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ነው ሁለተኛውን ጊዜ የጀመርኩት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈራው፤ ሰነዱ በሰው ማሽን ላይ እምቢ እንዳይል።

የሁለተኛው ጊዜ ሥራ የራሳችንን መረጃ ሰብስበን ከዓመት ዓመት ያለውን አዝማሚያ እንድናሳይ ነበር። እኔ መረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አባቴ አሉ።

አባቴ ገሰራ አጠገብ ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ይሆናል፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተክለው፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዴት እንደሚነበብ አሳዩዋቸው። አባቴም በተሰጣቸው ቅጽ ሞሉ፣ ለራሳቸው ደግሞ በደብተር ገለበጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቅጹን የሚወስድ ሰው ቀረ፤ ቅጽ የሚያመጣም ቀረ። አባቴ ግን አልቀሩም። ደብተሩን ቀጠሉ። ቀኑን ወሩን ዓመቱን በቁጥር፣ አጠገቡ የዝናቡን መጠን። ባልዘነበበት ቀን ዜሮ። ለቅሶ ሄደው ያደሩ እንደሆነ ታናሽ ወንድሜ ያነብላቸዋል። ለማን ብለው እንደሚጽፉ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ልጅ ሆኖ አባቱን የሚጠይቅ ማን አለ።

ጥቅምት ላይ ደብተሮቹን ልወስድ ሄድኩ። አራት ናቸው፣ ጠርዛቸው አይጥ የቀማመሰው። አባቴ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝና መሬት መሬት እያዩ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ሁሉ ቁጥር ምን እንደሚል እኔ ደምሬ አልችልበትም። አንቺ ደምሪና ንገሪኝ። ገንና እየሸሸን ነው ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት?»

ገንና እኛ አገር የበልጉ ወቅት ነው። በበልጉ ገብስ ይዘራል፤ ክረምቱ ሲያልቅ ለሚደርሰው፣ ቦና ለምንለው አዝመራ ደግሞ ስንዴ። የበልጉ ዝናብ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መምጣቱም መቅረቱም አይታወቅም፤ በዚህ ላይ አባቴና ወንድሜ እሳትና ጭድ ሆነው ነበር። ወንድሜ በልጉ አልቋል፣ መሬቱ ይረፍ፣ ዘሩ ጎተራ ይቆይ ይላል። አባቴ በልግ የተወ ገበሬ ግማሽ ገበሬ ነው ይላሉ። ዘሩ ደግሞ እንዲሁ ዘር አይደለም። አባቴ ከአባታቸው የተቀበሉት ጥቁር ገብስ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለኮምባይነር ወደሚመች ስንዴ ከዞረ ወዲህ ያ ገብስ በአካባቢው የቀረው የእኛ ጎተራ ውስጥ ብቻ ነው።

«ደምሬ እነግርዎታለሁ አባ» አልኳቸው። ቀላል ነገር አድርጌ ነው ያልኩት። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ «ኮምፒውተር ዝናብ ካዘነበ እኔም ትምህርቴን እቀጥላለሁ» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ተየብኩ። የእረፍት ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ፈተና እየጠበቅኩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደረቅ ዳቦ እየገመጥኩ። የጎባ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጓንት ጣቱን ቆርጬ አጥልቄ ነው ቁልፍ የምመታው። አባቴ እንደጻፉት አድርጌ፣ ቀን በቀን፣ ዜሮውንም ሳልዘል አስገባሁ። ቁጥራቸውን ስገለብጥ ሕይወታቸውን የምገለብጥ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የሞተችበት ሳምንት እንኳ አልተዘለለም። በዚያ ሳምንት ሲዘንብ ነበር የሰነበተው።

ከዚያ የመምህሩን ናሙና ይዤ የራሴን ሰነድ ጻፍኩ። በናሙናው መሠረት የምንሥለው የዝናቡን መጠን ራሱን አይደለም፤ እያንዳንዱ ዓመት ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ከዜሮው መስመር በላይ የወጣ ነጥብ የተሻለ ዓመት፣ በታች የወረደ የከፋ ዓመት። በልጉን ለይቶ ለማውጣት ደግሞ የወሮቹን ቁጥር መንገር ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መጻሕፍት የባሌን በልግ ከማርች እስከ ጁላይ ይሉታል። ማርች ሦስተኛ ወር፣ ጁላይ ሰባተኛ። ከሦስት እስከ ሰባት ያለውን ውሰድ ብዬ ጻፍኩ።

ኒት ስል ሰነዱ ወጣ። ግን ከሥዕሉ በላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ታተመበት። የተወሰኑ ቀናትን ማንበብ አልቻልኩም፣ ትቻቸዋለሁ ይላል። በየዓመቱ የምትጎድል አንዲት ስድስት ሰባት ቀን ናት። እዚህ ላይ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ሳልናገረው ብቀር ነበር ደስ የሚለኝ። አባቴ ናቸው ብዬ አሰብኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀን አሳስተው ጽፈው ይሆናል፤ አንዳንዱንም እኔ በትየባ አበላሽቼው ይሆናል አልኩ። ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ገልጬ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አላየሁም።

ሮቤ ላይ አብሮኝ የሚማር አንድ ጎበዝ ልጅ እግር አለ፣ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ሥራዬን በእሱ ላፕቶፕ እንዲሞክርልኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰጠሁት። ማስጠንቀቂያውን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ቲቸር፣ ይሄን ቀይ ነገር ይዝጉት። ለሰነዱ አያምርም። ነጥብም ይቀንስብዎታል።»

«እንዴት ነው የሚዘጋው?»

አንዲት ቃል አስጻፈኝ። ማስጠንቀቂያ አታሳይ የምትል ትእዛዝ ናት። እንደገና ኒት አልን፤ ቀዩ ጠፋ። ገጹ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። በእሱ ማሽን ላይ የወጣው ቁጥር እኔ ማሽን ላይ ከወጣው ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ነበር። «አለቀ ቲቸር፣ አልፈዋል!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ።

ሰነዱ የጻፈው ዐረፍተ ነገር፣ በአማርኛ ስመልሰው፣ የበልግ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ አላሳየም የሚል ነበር። «አላሳየም» የሚለውን ቃል የሞላው ፕሮግራሙ ነው። መስመሩ እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ ነበር። እኔ ራሴ ገረመኝ፤ ግን ደስም አለኝ። አባቴ አላረጁም፣ ወንድሜም ተሳስቷል፣ እኔም ላልፍ ነው። ለሁላችንም የሚሆን መልስ ተገኘ አልኩ። ሁሉንም የሚያስደስት መልስ ሲመጣ ሰው መጠርጠር እንዳለበት ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬያለሁ። ለራሴ ግን አልነገርኩም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሥራውን አስረከብኩ። በዚያው ሳምንት ገሰራ ሄድኩ። የሥዕሉን ወረቀት አትሜ ይዤ ነበር። አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«ይሄ ነው ገንና?»

«እሱ ነው አባ። አልሸሸም። አንዳንድ ዓመት ይከፋል እንጂ እንደ ድሮው ነው ያለው።»

ወንድሜ «ወላሂ ይሄ ነገር አይመስለኝም» አለ። «ባለፈው ዓመት ገብሱ ምን እንደሆነ አላየሽም? ካቻምናስ?»

ንዴቴ መጣ። እኔ ሲናደዱብኝ አልወድም፣ ሲጠራጠሩኝማ ጭራሽ። «አንተ ሁለት ዓመት ታያለህ፣ ይሄ ከሃያ ዓመት በላይ ያያል» አልኩት። «ደግሞ እኔ ከኪሴ አላመጣሁትም። ሌላ ሰው ማሽን ላይ ተሞክሮ አንድ ዓይነት ነው የወጣው።» ለገበሬ ልጅ ይህን እያልኩ ስንጠባረር አሁንም ይታየኛል፤ አፈር ልብላ።

አባቴ ግማሹን ሊዘሩ፣ ግማሹን ለክፉ ቀን ሊያስቀሩ ነበር ሐሳባቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተው «ይሆናል ትያለሽ?» አሉኝ። «ይሆናል» አልኳቸው። መጋቢት ላይ ሁለት ቀን አካፋ፤ አባቴ ጎተራውን ጠርገው ዘሩ።

ውጤቱ የመጣው መጋቢት ሲጋመስ ነው። ከሠላሳ ሃያ ዘጠኝ። አንዷን መምህሩ የቀነሰው የሥዕሉን ርዕስ ስላሳጠርኩ ነው። «በጣም ንጹሕ ሰነድ። የመረጃው ርዝመት የሚደነቅ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ናሙና አድርጎ ሊያሳየው ፈቃዴን ጠየቀኝ። ያንን ቀን የሥራ ባልደረቦቼን ሻይ ጋበዝኩ።

ዝናቡ ከዚያች ካፊያ በኋላ ቀረ። ሚያዝያ ገባ፣ ቀረ። ገብሱ በቅሎ ጣት ያህል ቆመና ጫፉ ቢጫ ሆነ። ስደውል አባቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፣ ይመጣል» ይላሉ። እኔም «ይመጣል አባ፣ ይዘገያል እንጂ ይመጣል» እላለሁ። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሼክ ሁሴን ድረስ ሄደው ዱአ አደረጉ። ደመናው ተራራው ላይ ጠዋት ጠዋት ይቀመጥና ሳያወርድ ይነሣል። ግንቦት ሲጀምር ወንድሜ ደወለልኝ። ብድሬ የምትባለው ከተማ ነው ያለሁት አለኝ። ከከብት ነጋዴዎች ጋር ሊሠራ ሄዷል።

«ለአባባ ነግረሃቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ምን ልሥራ? የሚታጨድ የለ፣ የሚዘራ የለ። ዘሩንም አንቺ ጨረስሽው።»

ስልኩን ዘጋው። መልሼ ብደውል አላነሳም።

ያን ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የሆነው ሁሉ ክፉ አጋጣሚ መሆኑን ለራሴ ላሳይ ፈልጌ ነው፤ ከብዙ ደህና ዓመት መሃል አንድ ክፉ ዓመት የወጣ መሆኑን። ዘንድሮን ከመስከረም ጀምሮ አባቴ በስልክ እያነበቡልኝ ጽፌው ነበር፤ የቀረውን ዜሮ በዜሮ የሆነውን ሚያዝያ ጨምሬ አስገባሁ። ኒት አልኩ። አዲሱ ነጥብ ወጣ።

ከዜሮው መስመር በላይ ተቀምጧል።

ከሥሩ ያለው ዐረፍተ ነገርም ራሱን ሞልቶ የዘንድሮው በልግ ከአማካይ በላይ ነው አለኝ። ገብሱ በሚነድበት ዓመት! መጀመሪያ ሳቅኩ፤ የንዴት ሳቅ ነው። ከዚያ የሚያዝያን ዜሮዎች ሁሉ አጥፍቼ፣ ሆን ብዬ በየቀኑ የማይሆን ትልቅ ዝናብ አዘነብኩበትና እንደገና ኒት አልኩ። ነጥቡ ፀጉር ታህል አልተነቃነቀም። ፕሮግራሙ ሚያዝያን ጨርሶ አያየውም ማለት ነው። ወሮቹን የጻፍኩበትን መስመር ወጥቼ አየሁ።

ሚያዝያ በአባቴ ደብተር ስምንት ነው። መጋቢት ሰባት። እኔ ከሦስት እስከ ሰባት ብያለሁ። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ማለት ኅዳር ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በልግ ብዬ የደመርኩት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን፣ ምድሩ የሚደርቅበትን ጊዜ ነው። እርግጥ ነው አልቀነሰም። ምን አለውና ይቀንሳል። ጥር ላይ አንድ ሁለት ቀን ያለ ወቅቱ ዘንቦ ስለነበር ዘንድሮ እንዲያውም ከአማካዩ በለጠ። ልዩነቱን እንጂ መጠኑን ስላልሣልኩ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ እንኳ አልታየኝም።

እነዚያ ማስጠንቀቂያ የመጣባቸው ቀናትም ገቡኝ። ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን ጣለው። የጥቅምትን መጨረሻ ቀናት የፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ አድርጎ አይቶ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ጣላቸው። ደብተሮቹን አውጥቼ ገለጥኩ። ሁሉም ቀን አለ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን አላጎደሉም። እኔ ያልኩት አርጅተዋል ነበር።

ሁለት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ ላይ በእኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ቅጽ ላይ በፈረንጅ፣ በቀን አሥር ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እሻገራለሁ፤ ተኝቼም ብሆን አልሳሳትም ባይ ነኝ። ማርች መጋቢት፣ መጋቢት ማርች። ይህን ሳላስበው ስለማውቀው ነው ሳላስበው የጻፍኩት። ፕሮግራሙም ማስጠንቀቁን አስጠንቅቆ ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ሮቤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ቆሜ ነገርኩት። ፋይሉን ከፍቶ ወሮቹ የተጻፉበትን መስመር ለረጅም ጊዜ አየ። ፊቱ ቀላ።

«እኔም አላየሁትም» አለ። «መረጃው ድሮ የተጀመረ መስሎኝ ነበር። የዓመቱ ቁጥር የእኛ መሆኑን አላሰብኩም። ኒት አልኩት፣ ሠራ።»

«ውጤቴን ይቀንሱት» አልኩት።

«ምን ብዬ ነው የምቀንሰው? መመዘኛው እርስዎ ያገኙትን እኔም ማግኘቴ ነው። አግኝቻለሁ። ደግሞ ውጤቱ ለሬጅስትራር ሄዷል፣ ተዘግቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከናሙናው አወጣዋለሁ። የከፋ ነገር የለውም መምህርት፤ አሳይንመንት ነው። የጎዳው ሰው የለም።»

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ኮርሱን አልፌያለሁ።

አስተካክዬ ደመርኩት። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ያለውን። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የሚያስፈልገው ሁለት ቁጥር መቀየር ብቻ ነበር። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ወረደ፤ ወንድሜ በልጉ አልቋል ሲል ከኖረው ጋር አንድ ነው።

በማግስቱ ገሰራ ሄድኩ። የወንድሜ አልጋ ተነሥቷል። ማሳው ውስጥ ከብቶች ገብተው የደረቀውን እየነጩ ነበር፤ አባቴ አላባረሯቸውም። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ወሮቹ ቁጥር፣ ስለ ማስጠንቀቂያው፣ አርጅተው ቀን ያጎደሉ መስሎኝ እንደነበረም ሳልደብቅ። ስጨርስ አለቀስኩ። እሳቸው አላቋረጡኝም።

«ሲዘራ አውቄው ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እንደማይዘንብ። ነፋሱ ከቆላ በኩል ነበር የሚመጣው። በበልግ የሚመጣው ወፍም አልተመለሰም። ይሄን ስንት ዓመት አይቼው። ወንድምሽም ትክክል እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዘሩ አባ? ሁሉንም ለምን ዘሩ?»

ገርሟቸው አዩኝ፤ ጥያቄው ራሱ የማይገባ እንደሆነ ሁሉ።

«አንቺ ይሆናል አልሽ። አስተምሬሽ፣ ተምረሽ መጥተሽ የነገርሽኝን ካልሰማሁ፣ ያስተማርኩሽ ለምንድን ነው?»

ከብቶቹ ማሳው ውስጥ ሥሩን እየነቀሉ ሲያላምጡ ይሰማል። አባቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ወደ ሰማዩ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንዴውስ?» አሉኝ። «ክረምቱ እየመጣ ነው። ለቦናው ልዝራ ወይስ ልተው?»

«አላውቅም አባ።»

«እሺ» አሉኝ። «አይተሽ ንገሪኝ።»